የተሞሉ ጉንጮች

እህቴ ማረፏን የሰማሁት እርጥብ አንሶላ ሳሰጣ ነው። የደወለው ባሏ ነበር። «ኩላሊቷ እምቢ አለ» አለኝ። የቀረውን አስጥቼ ሄድኩ።

ታላቄ ናት። ከባሏ ጋር ፎቶ ቤት ነበራቸው። እሷ ደንበኛ ታስቀምጣለች፣ ኮሌታ ታቃናለች፣ የሚያለቅስ ሕፃን ታስቃለች። እሱ ያነሳል፤ ከዚያ ኮምፒውተሩ ላይ ቁጭ ብሎ ብጉር ያጠፋል፣ ቆዳ ያጠራል።

ፊቷ መክሳት የጀመረው ከተጋቡ በኋላ ነው። ጉንጯ ጎደጎደ፣ ክንዷ ቀጠነ፤ ከወገቧ በታች ግን እንደነበረች ናት። ጎረቤት «ባልሽ አያጎርስሽም እንዴ?» ሲላት «የበላሁትን እግሬ ይቀማኛል፤ ፊቴ ጋ ምን ይድረስ» ብላ ትስቅ ነበር።

ሐኪም ዘንድ ሦስታችንም ሄድን። ሐኪሟ ወጣት ናት። የእህቴን ጉንጭ በሁለት ጣት ያዝ አድርጋ «ከቆዳው ሥር ስብ የለም» አለች። «ከፊት ጀምሮ ስብ የሚያጠፋ፣ እምብዛም የማይታይ በሽታ አለ። የሚመጣው ቀስ እያለ፣ በዓመታት ነው። እሱ ከሆነ ኩላሊት ሊጎዳ ስለሚችል ክትትል ያስፈልጋል። የድሮ ፎቶዎች አምጡልኝ።»

ፎቶ ለእኛ ቤት ምን ይቸግራል። ባሏ በየዓመቱ ያነሳትን ይዞ መጣ። በሁሉም ጉንጯ ሙሉ ነው። መክሳቷ ቆይቷል ብዬ ብነግራትም ሐኪሟ ፎቶዎቹን አገላብጣ አየችና «እስከ አምና ደህና ነበረች፤ ይሄ ድንገተኛ ክሳት ነው» አለች። እሱ እህቴ አጠገብ ተቀምጦ ፎቶዎቹን ሰበሰበ። ሽንቷም ያኔ ንጹሕ ስለነበር የኩላሊቱ ነገር ቀረ። አንጀቷን፣ ሳንባዋን፣ እንቅርቷን ሲመረምሩ ከረሙ።

እግሯ ሲያብጥ ሌላ ሆስፒታል ወሰድናት። እኔ በስልኬ ያነሳኋቸውን ጨምሬ አሳየሁ። አዲሱ ሐኪም የፎቶ ቤቱንና የስልኩን ጎን ለጎን ይዞ «እነዚህ የአንድ ሰው ናቸው?» አለ።

ባሏ መሬት መሬት እያየ «እንዳይከፋት ብዬ ነው ጉንጯን በኮምፒውተር የሞላሁላት» አለ።

«የመጀመሪያዋ ሐኪም ስትጠይቅስ ጋሼ?» አልኩት።

«እሷ አጠገቤ ሆና እየሰማች እንዴት ልናገር?»

እህቴ አልጮኸችም። «ካሜራ ይወደኛል እያልኩ ስኖር፣ አንተ ነህ ለካ» አለችው። ከዚያ በኋላ ውኃ ሲያቀብላት ከእጁ አልተቀበለችም።

የበሽታዋን ስም ያወቅነው ኩላሊቷ ካለቀ በኋላ ነው፤ ያው መጀመሪያ የተጠረጠረው ነበር።

የመጀመሪያዋ ሐኪም ፎቶዎቹ የተነካኩ እንደነበሩ እስካሁን አታውቅም። እሱ ይነግራታል ብዬ ጠበቅኩ፤ አልነገራትም። እኔም ልነግራት ገና አልሄድኩም።