የኋላ ወንበር የሌላት መኪና

ታክሲ መንዳት ካቆምኩ ወዲህ የምነዳው ሳን ሆዜ፣ ወዳጄ ጋራዥ ውስጥ ነው። ቅዳሜ ጠዋት ኦክላንድ፣ ፍሩትቬል ከሚባለው ጣቢያ ባቡር እይዛለሁ፤ እሱ ሳን ሆዜ ጣቢያ ድረስ መጥቶ ይወስደኛል። እኔና እሱ ኦክላንድ ውስጥ ሃያ ዓመት ታክሲ ነድተናል። ጡረታ ሲወጣ ልጆቹ የውድድር መኪና መንጃ ጌም ገዙለት። መሪ አለው፣ ፔዳል አለው፣ ወንበሩም እንደ እውነተኛው መኪና ወገብ ይይዛል።

አንዱን ዙር እሱ በሁለት ደቂቃ ከአንድ ሰከንድ ይጨርሰዋል። እኔ በሁለት ደቂቃ ከሰባት። ስድስት ሰከንድ ለሌላው ሰው ምንም አይደለም፤ ለእኔ ግን ነገር ነበር። ከሁለታችን ጎበዙ ሹፌር እኔ ነኝ ብዬ ነው የኖርኩት። ድሮ ፈራጅ አልነበረንም። አሁን ሰዓት መጣብን።

መጀመሪያ በጉልበት ሞከርኩ። ነዳጁን አብዝቼ ሰጠሁ፣ ከመንገዱ ስቼ ሳር ላይ ወጣሁ። ከዚያ ከጎኑ ቁጭ ብዬ ስክሪኑን ትቼ እግሩን ማየት ያዝኩ።

"እግሬን ምን ታያለህ? ካልሲዬ ተቀዷል እንዴ?"

"ተቀዷል። አንተ ንዳ።"

እግሩ ግን ፈጠነብኝ፣ ልይዘው አልቻልኩም። ይህን ሲያይ የሁለታችንን ዙር ደርቦ ስክሪኑ ላይ አወጣልኝ። ቀዩ መስመር የሱ ፍሬን ነው፣ ሰማያዊው የእኔ። እኔ ከአራተኛ ክፍል አላለፍኩም፣ ግራፍ የሚባል ነገር አንብቤ አላውቅም። በጣቴ ስከተለው ግን ገባኝ። የሱ መስመር መታጠፊያው አጠገብ ሲደርስ ድንገት እንደ ግድግዳ ቀጥ ብሎ ይወጣል፣ ከዚያ ቀስ እያለ ይወርዳል። የእኔ ከሩቅ ይጀምርና እንደ ዳገት ያዘግማል።

"ለምንድነው ፍሬኑን እንዲህ ከሩቅ የምይዘው?"

ሳቀብኝ። "አንተ ሰውዬ፣ ከኋላህ የተኛች ሴትዮ አለች። እሷ እንዳትነቃ ነው።"

እውነቱን ነው። ከኤርፖርት የጫንኩት ሰው ሳይነቃ ቤቱ ደጃፍ ሲደርስ ደስ ይለኝ ነበር። ጎበዝ ሹፌር ማለት ለእኔ እንዲያ የሚያደርስ ነው።

"ይቺ መኪና እኮ የኋላ ወንበር የላትም" አለኝ።

እግሬ ይህን እስኪያምን አራት ቅዳሜ ፈጀ። በአራተኛው፣ ከመታጠፊያው በፊት መንገዱ ዳር ያለው ነጭ ምልክት እስኪደርስ ነዳጁን አልለቀቅኩም። ሲደርስ ፍሬኑን ባንዴ እስከ መጨረሻው ረገጥኩት። ከዚያ መሪውን እያዞርኩ ትንሽ በትንሽ ለቀቅኩት። መልቀቁን ማንም አላስተማረኝም። ቀስ ብሎ መልቀቅማ የሃያ ዓመት ሥራዬ ነው።

ሁለት ደቂቃ ሳይሞላ ዙሩን ጨረስኩ።

ወዳጄ ሰዓቱን ሁለቴ አየው። "ጌሙ ተበላሽቷል" አለ።

"ይበላሽ። እንደተበላሸ መዝግበው።"

መነጽሩን አደረገና የእኔን መስመር አወጣ። በጣቱ ወደ ታች ተከተለው። "እስቲ እዚህ ጋ እንዴት አድርገህ ነው የለቀቅኸው?"

ተነሥቼ ወንበሩን ሰጠሁት፣ አጠገቡ ቆሜም ነገርኩት። ሰማኝ። መታጠፊያው ጋ ሲደርስ ግን ቸኩሎ ለቀቀው፣ መኪናዋ ዞረችበት።

"ቀስ በላ" አልኩት፤ "እንደገና።"