ያሳነስኩት ቁጥር

ከባሌ ከአበራ ጋር አብረን የሠራነው የመጨረሻ ተራ ነገር ምስር መልቀም ነው። ቁስቋም ሰፈር ባለው ቤታችን በረንዳ ላይ ሰፌዱን መካከላችን አድርገን ለማግስቱ ማኅበር እንለቅም ነበር። «የኔን ጠጠር ሐኪሙ ለቅሞልኛል፤ የምስሩን አንቺ ልቀሚ» ብሎ ሳቀ፤ ሲስቅ ጎኑን ያዘ። ያን ዕለት እኔ ጥፋቴን ሠርቼ ጨርሼ ነበር። ለማንም አልተናገርኩትም፤ ለንስሐ አባቴም ቢሆን።

ጠጠር የሞላበት የባሌ የሐሞት ከረጢት በቀዶ ሕክምና ከወጣ በኋላ ሐሞት ሆዱ ውስጥ ይፈስ ጀመር። ሐኪሙ በጎኑ ቱቦ አስገብቶ ፈሳሹ ላስቲክ ውስጥ እንዲጠራቀም አደረገና ወደ ቤት ሰደደን። ጠዋትና ማታ እየለካሁ እንድጽፍ አዘዘኝ፤ መጻፍ ስለምችል አመነኝ። በሳምንት ካልቀነሰ አዲስ አበባ እልከዋለሁ አለ። እዚያ ሆዱን ዳግም ሳይከፍቱ በአፉ በኩል ቀጭን መሣሪያ አስገብተው የሐሞቱ መውረጃ ላይ ትንሽ ቱቦ ያኖሩለታል፤ የሚያፈሰው ቦታም በራሱ ይድናል። አበራ ነገም ቢሆን እሄዳለሁ አለ።

እኔ ግን የማርያም ማኅበር ተራዬ ነበር። በሕመሙ ምክንያት አንዴ አሳልፈነዋል፤ ጠላውም ተጠምቋል። ሁለተኛ ብናሳልፍ ሰው ምን ይላል? ደግሞስ ሆድ ውስጥ የሚፈሰውን በአፍ ገብቶ ማን ያቆመዋል? እንዲህ አልኩና በቀን ከሦስት መቶ ሚሊ ወርዶ የማያውቀውን ሐሞት መቶ ሃምሳ ብዬ ጻፍኩ። በማግስቱ መቶ። ከዚያ አርባ። እኔ ነኝ የጻፍኩት። ማን አስገደደኝ? ሐኪሙ ቁጥሩን አይቶ ደስ አለውና ቱቦውን ነቀለው። ሲነቅለው አጠገቡ ቆሜ ነበር። አንድ ቃል ይበቃ ነበር።

ማኅበሩ ደመቀ። በሦስተኛው ቀን ትኩሳት አንቀጠቀጠው፤ ሆዱ እንደ ጣውላ ደረቀ። አዲስ አበባ ሲደርስ ያንኑ ሥራ ሠሩለት፤ አንድ ሰዓት እንኳ አልፈጀም። መፍሰሱም ቆመ። የሚያንገበግበኝ ይህ ነው፤ ቆመ። ደሙ ግን አስቀድሞ ተመርዞ ነበር። በአምስተኛው ቀን ሞተ።

ሐኪሙ ለቅሶ ሊደርስ መጣ። የባሌ ታላቅ ወንድም፣ አያ ታደሰ፣ ድንኳን ሙሉ ሰው እየሰማ «አንተ ነህ የገደልከው» አለው። ሐኪሙ አንገቱን ደፋ። እኔም ዝም አልኩ። ከዚያ ወዲህ መንገድ ላይ ባገኘኝ ቁጥር «እትዬ፣ ቀድሜ መላክ ነበረብኝ፤ ይቅር ይበሉኝ» ይለኛል። እኔም ይቅር እለዋለሁ! ምን ዓይነት ሴት ነኝ? እሱን ይቅር የምለው እኔ ማን ሆኜ ነው?

ለማርያም ብዬ ነው አልልም፤ ለሰው ዓይን ብዬ ነው። አላውቅም ነበር አልልም፤ ተነግሮኛል። እግዚአብሔርን ምሕረት ብለምን እንኳ ለሐኪሙ ሳልናገር አይሆንም።

አሁን ይህን ሁሉ የጻፍኩበትን ወረቀት ይዤ፣ እሱ የሚሠራበት ሆስፒታል ካርድ አውጥቼ ወረፋዬን እየጠበቅሁ ነው።