ዋጋ የጠራ ቀጥቃጭ

አንለይ በሠላሳ ስምንት ዓመቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ዋጋ ሲጠራ አፉ ደም ሞልቶት ነበር። ከዚያ በፊት ለእጁ ሥራ ዋጋ አውጥቶ አያውቅም። አባቱም አያውቁም፣ የአባቱም አባት አያውቁም።

በተወለደበት በዋድላ ቀጥቃጭ ዋጋ አይጠራም። ገበሬው ማረሻውን ወይም ማጭዱን ይዞ ይመጣል፤ ቀጥቃጩ ያበጃል፤ «ምን ላድርግልህ?» ሲሉት «እንደ ፈቀድዎ» ይላል። እህል ሲወቃ ሁሉም ድርሻውን ከወሰደ በኋላ፣ ገበሬው ደስ ያለውን ያህል ከአውድማው ዳር ይሰፍርለታል። አንድ ዘመን የአንለይ አባት «ዘንድሮ ስድስት ማረሻ ነው ያበጀሁልዎ፣ ትንሽ ይጨምሩልኝ» ብለው ጠየቁ። የገበሬው ልጅ መንሹን አዙሮ በእጀታው ጥርሳቸውን አረገፈው። ሽማግሌው ተንበርክከው፣ ደም የነካውን ገብስ ከመሬት አፍሰው ወደ ቤታቸው መጡ። ለልጃቸው የነገሩት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ «አየህ፣ አፍ ሲከፈት እንዲህ ነው።»

ሰውን በትሩ ብቻ ሎሌ አያደርገውም። ከበትሩ በኋላ የሚነገረው ምክር ግን ከአጥንት አይወጣም። አንለይ ያንን ምክር ተሸክሞ አደገ።

በ1977 ድርቁ አገሩን ሲፈጀው አንለይና ሚስቱ እታለም ሁለት ልጆቻቸውን ቀብረው መጠለያ ገቡ፤ ከመጠለያው ተለቅመው በአንቶኖቭ አውሮፕላን አሶሳ ወረዱ። ከከተማው የግማሽ ቀን መንገድ ላይ፣ ቀርከሃ ተመንጥሮ በተቆረቆረ የሠፈራ መንደር አንድ ጎጆ ተሰጣቸው። ከአገራቸው ይዘው የወጡት መዶሻና ጉጠት ብቻ ነበር። እታለም ሁለቱንም በከረጢት ጠቅልላ መደቡ ሥር ቀበረቻቸው። ቀጥቃጭ መሆኑ ከታወቀ ቡዳ መባሉ አይቀርም። አንለይ የጠየቀውን ሁሉ «ገበሬ ነኝ» አለ።

በመንደሩ ከዛፍ ላይ የመኪና ቸርኬ ተንጠልጥሎ ነበር። ሲመታ ሁሉም ወደ ማኅበሩ እርሻ ይወጣል፣ ደግሞ ሲመታ ይመለሳል። የዋለ ነጥብ ይያዝለታል፣ ያልዋለ ራሽኑ ይቀነሳል፣ ደጋግሞ የቀረ ይገረፋል። የሚሊሻው አዛዥ ሞላ ይባላል፤ እሱም ከወሎ የመጣ ሠፋሪ፣ ባገሩ የታወቀ አራሽ የነበረ ነው። አሁን ትከሻው ላይ ጠመንጃ አለ።

በሁለተኛው ዓመት የማኅበሩ ዶማዎች እየተሰባበሩ አለቁ። አንለይ አላስቻለውም፤ መዶሻውን ከመደቡ ሥር አውጥቶ የአንድ ጎረቤቱን ዶማ ጓሮው ውስጥ አበጀለት። ከዚያ ወዲያ ሰው ሁሉ እየመጣ ዶማውን ያስበጅ ነበር። «እግዜር ይስጥልኝ» ብሎ ይሄዳል፤ አጥሩን ሲሻገር «ዓይኑን አያችሁት? ቡዳ እኮ ነው» ይላል።

ማህጁብ የመጣው በዚያ ሰሞን ነው። ከሱዳን ጠረፍ፣ ከኩርሙክ ጨውና ሳሙና በአህያ እየጫነ አሶሳ የሚያወርድ የበርታ ነጋዴ ነበር። አንድ የተበጀ ዶማ አገላብጦ አየና አንለይን ፈልጎ አገኘው።

«ሀዳድ አንተ ነህ?»

በሱዳን ዐረብኛ ቀጥቃጭ ማለት ነው። ቃሉ አፉ ውስጥ ስድብ አልነበረበትም። ማህጁብ የመኪና ባሌስትራ ቁራጭ ሰጥቶት ሄደ። ሲመለስ አሥር ቢላዋ ተሠርቶ ቆየው።

«ወላሂ ጎበዝ! ስንት ነው ዋጋ?»

«እንደ ፈቀድዎ።»

«እኔ ፈቀድኩ?»

«አዎ ጌታዬ፣ እንደ ፈቀድዎ።»

ማህጁብ ቢላዋዎቹን አህያው ላይ አስሮ ከከረጢቱ አንድ እፍኝ ጨው ዘገነና መዳፉ ላይ አፈሰሰለት። «እኔ ይሄ ፈቀድኩ» አለና አህዮቹን ነዳ።

እታለም ጨዉን ስታይ ሳቀችም፣ ልታለቅስም ቃጣት። «አሥር ቢላዋ ለዚች?»

«ሰውየው የወደደውን ሰጠ።»

«የወደደውን! ሌባም የሚወስደው የወደደውን ነው።»

ክረምቱ ሲገባ የማኅበሩ በሬዎች መሞት ጀመሩ። ይከሳሉ፣ ዓይናቸው ያለቅሳል፣ ከዚያ ጉልበታቸው ይታጠፋል። የቆላ ዝንብ የሚያመጣው ገንዲ የሚባል በሽታ ነበር፤ የደጋ ገበሬ ግን አያውቀውም። አምስተኛው የታመመው ሞላ ራሱ የሚያርስበት ወይፈን ነው። ሞላ ማለዳ መጥቶ በሬው ወድቆ ሲያጓራ አገኘው። አጠገቡ ተቀምጦ እንደ ሕፃን አለቀሰ። ከዚያ ተነሣና ወደ አንለይ ጎጆ ሄደ።

አንገቱን ይዞ በጭቃው ላይ እየጎተተ አመጣው። ፊቱን በበሬው ሆድ ላይ ደፈቀው።

«ትፋበት!»

ቡዳ በበላው ላይ ከተፋ በሽተኛው ይድናል ይባላል። ንጹሕ ሰው በዚህ ጊዜ «ምን በልቼ ልትፋ!» ብሎ ይሟገታል፤ ባይሟገት አመነ ማለት ነው። ይህን እዚያ የቆመ ሁሉ ያውቃል። አንለይም ያውቃል። ግን ዕድሜውን ሙሉ ትእዛዝ ሰምቶ እንቢ ብሎ አያውቅም፤ ምራቁ ከሐሳቡ ቀደመ።

«እንትፍ» አለ።

በሬው እግሩን ዘረጋ፣ አንድ ጊዜ ተንዘፈዘፈና ሞተ።

«አመነ!» አለች አንዲት ሴት። «በገዛ ምራቁ አመነ!»

ከዚያ በኋላ የመጀመሪያውን በትር ማን እንዳሳረፈ አይታወቅም። በዱላ፣ በሰደፍ፣ በእርግጫ ተረባረቡበት። እታለም ልትከላከል ገብታ ጭንቅላቷን ተፈነከተች። ትናንት ዶማ ያበጀለት ጎረቤቱ ያንኑ ዶማ ገልብጦ በእጀታው ጎኑን ሲመታው አንለይ አየው። እሱም አላዘነበትም፤ እጀታው ጠበቅ ብሎ መግባቱን ነው ያስተዋለው።

ያስጣለው የማህጁብ ጩኸት ነው። አህዮቹን ሰዉ መሀል ነድቶ ገባ።

«ዝንብ ነው! ዝንብ! ይሄ አገር በሬ አይኖርም! እኛ በእጅ የምንቆፍረው ለምንድን ነው? ሞኝ ነን?»

«አንተ ምን አገባህ?» አለ ሞላ።

«ይሄ ሰውዬ በሬ ገደለች ትላለህ። እሺ፣ ግደል። ነገ ዶማ ማን ይሠራል? ጠመንጃ ይቆፍራል?»

ከኋላ አንድ ሰው ሳያስበው ሳቀ። የሰው ቁጣ ሲስቁበት ይላላል፤ አንድ ሁለት እያለ ሰዉ ተበተነ። ማህጁብ ከቅሉ ውሃ አፈሰሰለት። አንለይ ተጉመጥምጦ ሲተፋ ጥርስ ወጣ።

«ሀዳድ፣ ሠላሳ ቢላዋ እፈልጋለሁ። ስንት ነው?»

አንለይ አፉን ከፈተ። «እንደ» የምትለው ቃል ምላሱ ጫፍ ላይ ነበረች። አባቱ የነገሩትን አሰበ። አፉን ዘግቶ ኖረ፣ ትፋ ሲባል ተፋ፣ ጥርሱ ግን ያው ረገፈ።

«አራት ብር» አለ።

«አንዱ? ሁለት!»

«አራት።»

«ደም እየፈሰሰህ ነው፣ ሦስት ያዝ!»

«ከሞትኩ አምስት ነው።»

ማህጁብ ጭኑን መታ። «ወላሂ፣ ሀዳድ ዛሬ መጣ!»

አንለይ ከዚያ ቀን በኋላ ወደ ማኅበሩ እርሻ አልወጣም። ከመንደሩ ወጣ ብሎ፣ ወንዙ ዳር፣ ቀርከሃው ሥር ዳስ ጣለ። ማህጁብ ከኩርሙክ ያመጣለትን ወፍራም ብረት መቀጥቀጫ መስፍ አደረገው፤ ዋጋውን በቢላዋ ከፈለ። ወናፉን ከሞቱት በሬዎች ቆዳ ራሱ ሰፋ፤ የምትነፋው እታለም ነበረች። ሚሊሻዎች ወስደው ሃያ ገረፉት። በማግስቱ ሸሚዙ ጀርባው ላይ እንደተጣበቀ ብረት ሲቀጠቅጥ ዋለ። ሌላም ጊዜ ገረፉት።

ግርፋቱን ቻለው። ያቃተው ቸርኬው ነው። ማለዳ ድምፁን ሲሰማ እግሩ ብድግ ይላል፣ ሳያውቀው ደጅ ይደርሳል። እታለም በመጀመሪያው ሳምንት እግሩን በመቀነቷ ከምሰሶው ጋር እያሰረች አሳደረችው። ቸርኬው ሲመታ ይነሣና በግንባሩ ይደፋል። እሷም «ማን ጠራህ?» ትለዋለች። ይህን ስትናገር አትስቅም ነበር።

ሁለተኛው ከባድ ነገር እንቢ ማለት ነው። በዶማው እጀታ የመታው ጎረቤት የተሰበረ ዶማ ይዞ መጣ፤ ተበጀለት። «እግዜር ይስጥልኝ» ብሎ ሊነሣ ሲል አንለይ ዶማውን በእግሩ ረገጠው።

«እግዜር የራሱን ይሰጠኛል። አንተ ሃምሳ ሳንቲም ስጠኝ።»

«ቡዳ!» ብሎ ሰውየው ድንጋይ ወረወረበትና ሄደ። ድንጋዩ ቅንድቡን ከፈተው። አንለይ ዶማውን አንሥቶ ከኋላው ሰቀለ። በሦስተኛው ቀን ሰውየው ሃምሳ ሳንቲም ይዞ መጣ።

ሞላ በጥቅምት ሁለት ሚሊሻዎች አስከትሎ መጣ። ፊቱ ላይ ቁጣ አልነበረም፤ ውሳኔ ሊያስፈጽም የመጣ ሰው ነው።

«አንለይ፣ ይህ ዳስ ከዛሬ ጀምሮ የማኅበሩ ነው። አንተም እዚሁ እየሠራህ ነጥብህ ይያዝልሃል። በግል መነገድ የለም፣ ንዑስ ከበርቴ ሆነህልን አረፍከው?»

«አንድ በሬ አልሰጣችሁኝም፣ አንድ ብረት አልሰጣችሁኝም፤ ቆዳውም የተጣለ ነው» አለ አንለይ። «ማኅበሩ ዳሱን ከፈለገ ዋጋ አለው።»

«ምን አልክ?»

«መቶ ብር።»

ሚሊሻዎቹ ተያዩ። ሞላ በርጋታ የአንለይን ቀኝ እጅ ያዘና መስፉ ላይ ዘረጋው። አንዱ ሚሊሻ ክንዱን ተጫነ። ሰደፉ ሲወርድ የአጥንቱ ድምፅ ቀርከሃ ሲሰነጠቅ ይመስል ነበር። ሦስት ጣት።

«አሁን ዋጋህን ጥራ!»

አንለይ መስፉ ላይ በደረቱ ተንጠልጥሏል። ላቡ ዓይኑ ገብቷል።

«መቶ ሃምሳ» አለ።

ሞላ ሰደፉን እንደገና አነሣ፤ አልወረደም። ወናፍ ስትነፋ የነበረችው እታለም ከእሳቱ ውስጥ የጋለ ብረት በጉጠት መዝዛ ጉንጩ ላይ ለጠፈችበት። የሥጋው ሽታ ዳሱን ሞላው። ሞላ እየጮኸ ወደ ወንዙ ሮጠ። አንዱ ሚሊሻ ጠመንጃውን አቀባበለ፤ ሆኖም ማኅበሩ ያለ ቀጥቃጭ እንደማይቆፍር እሱም ያውቃል፣ የገዛ ዶማውም እዚያው ግድግዳው ላይ ተደግፏል። አፈሙዙን ዝቅ አድርጎ እታለምን በሰደፍ ጎኗን መታት፤ ስትወድቅ ደገማት። ወናፉን በሳንጃ ቀደዱት፣ መስፉን ወንዝ ውስጥ ጣሉት። እታለምን አስረው አሶሳ ወሰዷት። አራት ወር ተፈረደባት።

አንለይ ብቻውን ቀረ። የማኅበሩ ሰብሳቢ ሰው ላከበት፤ ከተመለስክ ራሽንህ ይለቀቅልሃል፣ የእህል ጥበቃ እንሰጥሃለን፣ ቀላል ሥራ ነው። እጁ እንደ ዱባ አብጦ ነበር። በዚያ ሌሊትና በማግስቱ የጥበቃው ሥራ እውነትም ቀላል ነው እያለ ሲያስብ እንቅልፍ አልወሰደውም። በሦስተኛው ቀን ወንዙ ውስጥ ገብቶ መስፉን በገመድና በትከሻው ጎትቶ አወጣ። ወናፉን በግራ እጁና በጥርሱ እየሳበ ሰፋ።

ማህጁብ ሲመጣ እጁን አይቶ ከንፈሩን መጠጠ። አንድ ኩንታል ማሽላ አወረደ።

«ይሄ ሰደቃ ነው። ውሰድ።»

አንለይ ማሽላውን አየው። ሁለት ቀን አልበላም። ከአውድማ ዳር የሚሰፈርለት ገብስ ዓይኑ ላይ መጣ።

«መልሰህ ጫነው። ብረት አምጣ።»

«በየትኛው እጅ?»

«በቀረው።»

በግራ እጁ የተቀጠቀጡት ቢላዋዎች ጠማማ ሆኑ። ለጉጠቱ አንድ እጅ፣ ለመዶሻው አንድ እጅ ያስፈልጋል፤ እሱ ያለው አንድ ነው። ማህጁብ አንዱን ቢላዋ ወደ ፀሐይ አነሣና «ይሄ ሰክሯል» አለ።

«አዎ። ስለዚህ ሁለት ብር ነው» አለ አንለይ። «ቀጥ ያለው አራት ነበር። ይህ ሁለት ያወጣል፣ ከዚያ በታች አልሰጥም።»

ማህጁብ አልተከራከረም። ቢላዋዎቹን በዚያው ዋጋ አሰበ፤ አንለይ ማሽላውን በቢላዋ ገዛው።

እታለም በየካቲት ተፈታች። ፀጉሯ ተላጭቷል፣ የጎኗ አጥንት ተጣሞ ገጥሟል፣ ስትቀመጥ በአንድ ወገን ታዘነብላለች። ዳሱ ውስጥ ገብታ ቢላዋዎቹን አየች።

«ማነው ይህን የቀጠቀጠው? ጅብ?»

«እጄ አልተመለሰም። አይመለስም መሰለኝ።»

እታለም ጎንበስ ብላ መዶሻውን አነሣች። አንለይ ደነገጠ። በአገራቸው የቀጥቃጭ ሚስት ወናፍ ትነፋለች፣ ከሰል ታከስላለች፤ መዶሻ ግን አትነካም፤ ሴት የመታችው ብረት ባለቤቱን ይገድላል ይባላል።

«አንቺ፣ ሴት ልጅ እኮ…»

«ሰደፉ ሴት ነሽ አላለኝም» አለችው። «ያዝልኝ።»

አንለይ ወናፉን በእግሩ እየረገጠ እሳቱን አነደደ። ብረቱ ሲቀላ በግራ እጁ በጉጠት አውጥቶ መስፉ ላይ አስቀመጠው። የመጀመሪያው ምቷ ከብረቱ ጠርዝ ሾልኮ መስፉን አስጮኸው፣ መዶሻው ነጥሮ ጉልበቷን ላጠው። ሁለተኛው ብረቱን አገኘው። ፍንጣሪው ክንዷ ላይ አርፎ ተንጨረጨረ፤ አላራገፈችውም። ጥርሷን ነክሳ፣ እስር ቤት ውስጥ ያጠራቀመችውን ሁሉ እያወረደች መታች።

«አይ፣ ቀስ በይ» አለ አንለይ። «ሰው አይደለም፣ ብረት ነው። ጫፉን ምቺ።»

ጫፉን መታች። እሱም አገላበጠላት።