ከጨረር በፊት የሚጠየቅ ጥያቄ

ሥራ የጀመርኩ ቀን የክሊኒኩ ባለቤት አቶ መስፍን ነጭ ጋውን ለብሶ ተቀበለኝ። ሐኪም አይደለም፤ ነጋዴ ነው። ጋውኑን የሚለብሰው ታካሚ ሲያየው እንዲተማመን መሆኑን ራሱ ነገረኝ። ሃያ ሁለት ዓመት የመንግሥት ጤና ጣቢያ ነርስ ሆኜ ስሠራ ጋውን የለበሰ ነጋዴ አጋጥሞኝ አያውቅም። ቃሊቲ ግን ብዙ ያሳያል።

ክሊኒኩ ከባቡሩ መጨረሻ ጣቢያ ወረድ ብሎ፣ ከባድ መኪኖች አቧራ በሚያለብሱት መንገድ ዳር ነበር። የተቀጠርኩት ለጨረር ክፍሉ ነው። ሁለት ማሽን ነበረን። አንዱ ሰው ቆሞ የሚገባበት ቁም ሳጥን የሚመስል ነው፤ ሌላው እጅ ብቻ ይገባበታል። በውስጣቸው የተደረደሩት ረጃጅም አምፖሎች አልትራቫዮሌት ጨረር ያወጣሉ። ለምጽና አንዳንድ የቆዳ በሽታ ይታከምበታል። በሳምንት ሁለት ቀን የምትመጣው የቆዳ ሐኪም ዶክተር ሰላም መጠኑን ታዛለች፣ እኔ ደቂቃውን ሞልቼ አበራለሁ።

በዚያው በመጀመሪያው ቀን አንድ ታካሚ ማሽኑ ውስጥ እያለ መብራት ሄደ። ሲመለስ የማሽኑ ሰዓት ወደ ዜሮ ተመልሷል። የቆየበትን በእጅ ሰዓቴ ይዤ ስለነበር የቀረውን ብቻ ልሞላ ስል፣ አቶ መስፍን ከኋላዬ መጥቶ ከመጀመሪያው ጀምሪለት አለኝ። ደንበኛው ትንሽ ቢጨመርለት ምን ይጎዳል ባይ ነው። ጨረርን እንደ ጎመን ምርቃት የሚታከልበት ነገር አድርጎታል። አልጀመርኩለትም።

ለዓይን መከላከያ ብሎ ያመጣው ደግሞ መንገድ ዳር የሚሸጥ የፀሐይ መነጽር ነበር። ዶክተር ሰላም አንዱን አንስታ አገላብጣ አየችው። ይሄ ለሠርግ ይሆናል ብላ መለሰችለትና ትክክለኛው እስኪመጣ ማሽኑን ቆልፋ ሄደች። የአቶ መስፍንን የሁለት ሳምንት ኩርፊያ የቻልኩት ግን እኔ ነኝ።

የታካሚው ካርድ ላይ የታተመ አንድ ጥያቄ ነበር፤ መድኃኒት ይወስዳሉ? አዎ ወይም የለም ላይ ምልክት ማድረግ ነው። ያንን ያዘጋጀ ሰው በሕይወቱ ታካሚ አናግሮ የሚያውቅ አይመስለኝም። ቆዳን ለብርሃን የሚያጋልጡ መድኃኒቶች አሉ፤ አንዳንድ አንቲባዮቲክ፣ አንዳንድ የግፊት ኪኒን። እነሱን የዋጠ ሰው ሌላው በሚችለው ጨረር ሊቃጠል ይችላል። የጅቡቲ መስመር ሹፌር ለወባ መከላከያ ዶክሲሳይክሊን እየዋጠ የለም ይላል። አልታመመማ!

አንድ የምድር ባቡር ጡረተኛም እንዲሁ የለም ብለውኝ፣ ኮታቸውን ሲያወልቁ ከኪሳቸው የኪኒን እሽግ ወደቀ። ይሄስ ብላቸው፣ "ይሄማ የግፊቴ ነው" አሉኝ፤ እንደ ሞኝ እያዩኝ። ከሰውነት ውኃ የሚያስወጣው ኪኒን ነበር፤ እሱም ከሚያጋልጡት አንዱ ነው። የዚያን ቀን ጨረሩን አስቀርቼ ወደ ዶክተር ሰላም መራኋቸው።

ከዚያ በኋላ በየካርዱ ላይ "ወይም ኪኒን" የሚል በእስክሪብቶ ጨመርኩ። ራሴን እንደ ብልህ ቆጠርኩ። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይባላል፤ እኔ ደግሞ የሚጠረጠረውን ሁሉ ጠርጥሬ የጨረስኩ መስሎኝ ነበር።

ወይዘሮ ዘሃራ ሳሪስ አቦ ገበያ ቅቤ የሚሸጡ የስልጤ ሴት ናቸው። ለምጽ የሁለቱንም እጃቸውን ጀርባ ይዞት ነበር። ለምጽ አይተላለፍም። ገበያተኛው ግን ቅቤውን ያሸታል፣ እጃቸውን ያያል፣ ከዚያ ወደሚቀጥለው መደብ ያልፋል። ሦስት ልጆች የሚያድሩት በዚያ ቅቤ ነው።

ዶክተር ሰላም ከጨረሩ በፊት እጃቸው ላይ የሚቀባ ፈሳሽ አዘዘችላቸው። ፈሳሹ ቆዳውን ለብርሃን ያጋልጠዋል፤ ጨረሩ የሚሠራውም በዚያ ነው። ስለዚህ ፈሳሹም ደቂቃውም ይለካል፤ ከታከሙ በኋላም እጃቸው ፀሐይ እንዳይነካው ጓንት አድርገው ይሄዳሉ። ከወራት በኋላ በነጩ ቆዳ ላይ ቡናማ ነጥቦች ብቅ አሉ። እያንዳንዷን በጣታቸው እየነኩ ቆጠሩልኝ። ደስ አለኝ፣ አልዋሽም።

አንድ ማክሰኞ እንደ ወትሮው መጡ። አዲስ የጀመሩት መድኃኒት ወይም ኪኒን እንዳለ ጠየቅኳቸው፤ የለም ልጄ አሉኝ። እጃቸውን አስገቡ። ክፍሉ ጤና አዳም ጤና አዳም ይሸት ነበር። ሸቶኛል። ከገበያ የመጣ ሽታ ነው ብዬ አለፍኩት።

ሐሙስ እጃቸውን በሻሽ ጠቅልለው ተመለሱ። ስፈታው የሁለቱም እጃቸው ጀርባ ውኃ ቋጥሯል፤ ጣታቸውን ማጠፍ አልቻሉም። አንዲት ጎረቤት የጤና አዳም ቅጠል ወቅጠው ቢቀቡት ነጥቦቹ ቶሎ ይገጣጠማሉ ብላቸው፣ ሦስት ቀን ሲቀቡት ከርመዋል። የጤና አዳም ጭማቂ ውስጥ ሐኪሟ ካዘዘችው ፈሳሽ ጋር የሚመሳሰል ነገር አለ። የቅጠሉን ግን ማንም አልለካውም።

ለምን አልነገሩኝም አልኳቸው።

"የጠየቅሽኝ መድኃኒት ነው" አሉኝ። "ጤና አዳምማ ቅጠል ነው። ወላሂ ብትጠይቂኝ ምን ብዬ እደብቅሻለሁ?"

አቶ መስፍን ጋውኑን እያስተካከለ ገባ። እጃቸውን አንዴም ሳያይ ካርዱን ሰጠኝና፣ ታካሚዋ የተሰጣቸውን ምክር በመጣሳቸው የደረሰ ጉዳት ነው ብለሽ ጻፊ አለኝ። የትኛውን ምክር እንደሆነ ጠየቅኩት።

"አንቺ ጻፊ እንጂ ሲስተር" አለኝ። "ምክሩን በኋላ እናዘጋጃለን።"

"ጤና አዳም ሸቶኛል፤ ምን እንደተቀቡ አልጠየቅኋቸውም" ብዬ ጻፍኩ። ፈረምኩበትም። በማግስቱ ከማሽኑ አንስቶ ካርድ ክፍል ወረወረኝ፤ ጡረታ እስክወጣም እዚያው ነበርኩ። ዶክተር ሰላም ካርዱን አንብባ አላመሰገነችኝም። ሽታው አፍንጫዬ ከደረሰ በኋላ ማለፌ ካለማወቅ የባሰ ነው አለችኝ። ልክ ነበረች፤ እስካሁን ያሳፍረኛል።

ቁስሉ ለመዳን ከወር በላይ ፈጀ። ቦታው በጠባሳ ተዥጎርጉሮ ቀረ። ወይዘሮ ዘሃራ ወደ ጨረሩ አልተመለሱም፤ ቅቤውንም ተዉት። አሁን አቃቂ በሰቃ ገበያ ውስጥ ባልዲና ጆግ ይሸጣሉ። ባልዲ የሚገዛ ሰው የሻጭ እጅ አያይም አሉኝ። ሳልፍ ስለ ልጆቼ ይጠይቁኛል፤ እጃቸውን ግን ከሻርፓቸው ውስጥ አያወጡም።

አሁን ጨረር ክፍል የምትሠሩ ልጆች፣ መድኃኒት ይወስዳሉ ብላችሁ አትለፉ። ሰሞኑን የዋጡትን፣ የጠጡትንና የተቀቡትን እያንዳንዱን በስሙ ጠይቁ። የሸተታችሁንም ጠይቁ። ወይዘሮ ዘሃራ የደበቁኝ ነገር አልነበረም።