ያልለቀቀው ሂና

ጎረቤቴ ለኢድ ሂና ስትለውስ ያ እርጥብ የቅጠል ሽታ መጣና ወዳደግኩባት ቀወት፣ እናቴ ደጃፍ ላይ መለሰኝ።

ስምንት ዓመቴ ነበር። ታናሽ ወንድሜ ጀማል ከወባ ተርፎ ገና የወባ ክኒኑን እየዋጠ ነው። አክስቴ ዘሀራ «አልሐምዱሊላህ፣ ልጃችን ተረፈልን!» እያለች መዳፉንና እግሩን ሂና ቀባችው፤ እንዳይነካካውም በፌስታል አሰረችለት። እሱ ይስቃል፣ እኔ እቀናለሁ።

በሦስተኛው ቀን ሽንቱ እንደ ቡና ጠቆረ፣ ዓይኑ ቢጫ ሆነ። የጤና ጣቢያው ሐኪም እጁን ገልብጦ አየና፣ «ደሙ እነዚህን አይችልም። ክኒኑም ሂናውም ተጋግዘው ደሙን አፈረሱት። ችግሩ አብሮት የተወለደ ነው፤ ከእናት ይወረሳል» አለ።

እናቴ «ከእኔ?» አለች። እኔ የሚወረስ የማውቀው መሬትና ከብት ብቻ ነበር።

ደም ወደሚሰጥበት ሆስፒታል ስንወስደው የደብረ ሲናን ዳገት ሳንጨርስ ሞተ። አጣቢዎቹ ቢያሹትም ሂናው ከመዳፉ አልለቀቀም። እናቴ ከዚያ ወዲህ ሂና ነክታ አታውቅም።

«ልጅሽን አምጪው፣ ልቀባው» አለችኝ ጎረቤቴ። ልጄ ሁለት መዳፉን ዘርግቶ ቆሟል። ባለፈው ወር ተመርምሯል፤ ደሙ የጀማል ደም ነው።

እጆቹን ይዤ ሳብኩት።

«ለምን፣ እማ?»

«ያሳምምሃል» አልኩት። የወረሰው ከእኔ መሆኑን መናገር አቃተኝ።