ኡላዩ በሬዲዮ «አባባ» ያለች ቀን

በሰሜን ዋልታ አጠገብ ክረምት ነው፤ ፀሐይ መንደሩን ከተሰናበተች ሰንብታለች። ቀትር ላይ ሰማዩ ለጥቂት ጊዜ ሰማያዊ ይሆንና መልሶ ይጨልማል፤ በዚያ ብርሃን መንገድ ላይ የሚሄደው ሰው ሁሉ ገና ከእንቅልፉ ያልነቃ ይመስላል። ኡላዩ የምትወደው ሰዓት ይሄ ነው። ከክሊኒክ ሥራዋ ወጥታ ወደ መንደሩ ሬዲዮ ጣቢያ፣ ወደዚያች አንድ ክፍል ቤት ትገባለች። የቢንጎው ዕጣ ከተነበበ በኋላ ለአዳኞች የአየሩ ጠባይ እስኪነገር ድረስ ማይኩ የሷ ነው። መብራቱን አጥፍታ ዓይኗን ትጨፍናለች። ስልኩ ይጠራል፤ የመንደሩ ልጆች ለማንም የማይናገሩትን ይጠይቋታል።

ድምፃቸው እንዳይታወቅ የስልኩን አፍ በጓንት ይሸፍኑታል። ስለዚህ ሁሉም ከበረዶ ሥር የሚያወሩ ነው የሚመስለው።

«ኮንዶም የበረዶ ሞተሬ ኪስ ውስጥ ከርሞ ደረቀ። ይሠራል?»

«እሱን እዚያው ተወው ልጄ። ክሊኒኩ ደጅ ካለው ሣጥን ሌላ ውሰድ፤ ማንም አይጠይቅህም። ከሞተሩም ከምድጃውም አርቀህ አስቀምጠው።»

«በመጀመሪያው ጊዜ አይረገዝም የሚሉት እውነት ነው?»

«እንደዚያ ሲሉ የነበሩትን ልጅ ሲያሳድጉ አይቻቸዋለሁ፣ ልጄ።»

ኡላዩ ራሷ በልጅነቷ ከቤቷ ርቃ አዳሪ ትምህርት ቤት ሳለች፣ የወር አበባዋ ሲመጣ የምትሞት መስሏት ቀኑን ሙሉ ስትጸልይ ውላለች። የሚጠየቅ ሰው አልነበረማ። ያ ቀን እስከ ዛሬ ያናድዳታል፤ ወደ ሬዲዮውም ያመጣት ያው ንዴት ነው።

አንድ ደንብ አላት። ማን እንደሆነ እንዳይታወቅ ደዋይ ሁሉ «ልጄ» ነው። እዚህ አገር ይሄ ቀላል አይደለም። ሰው ሲሞት ስሙ ለሚወለድ ልጅ ይሰጣል፤ ልጁም ከስሙ ጋር ዝምድናውን ይወርሳል። የኡላዩ አባት ናታቅ በሞተ ዓመት እህቷ ሴት ልጅ ወለደች፤ ልጅቷም ናታቅ ተባለች። ኡላዩ ያቺን ልጅ ከአንቀልባ ጀምሮ «አባባ» ነው የምትላት። እናቷ አርናውያቅ ደግሞ «ባሌ» ትላታለች፤ «ባሌ ዛሬም ጨርቁን አረጠበ» እያለች ጎረቤቱን ስታስቅ ኖራለች። ማን ማንን ምን ብሎ እንደሚጠራ የማያውቅ መንደርተኛ የለም።

የዚያን ቀን ሰዓቷ ሊያልቅ ሲል አንድ ሌላ ልጅ ደወለ።

«ሰው ሁሉ ሴት ልጅ ነሽ ይለኛል» አለ በጓንቱ ውስጥ። «እኔ ግን ውስጤ ወንድ ነኝ። ከድሮም። በሽታ ነው? ወይስ የተሰጠኝ ስም ነው እንዲህ ያደረገኝ?»

ኡላዩ ዓይኗን አልገለጠችም። ድምፁ ከመጨረሻዋ ቃል በፊት ትንሽ ያርፋል። ይህን አመል ታውቀዋለች፤ ግን ከወዴት እንደሆነ አልመጣላትም። በጨለማው ውስጥ ልጅ ሆና በአባቷ ውሻ የሚጎትተው የበረዶ መንሸራተቻ ላይ በቆዳ ተጠቅልላ የተኛች መሰላት፤ ውሾቹ ይሮጣሉ፣ አባቷ ከኋላዋ ያወራል።

«በሽታ አይደለም» አለች በዝግታ። «መድኃኒትም አያስፈልገውም። ስሙም አይደለም። ሽማግሌው ቃሙካቅ የሴት አያቱን ስም ተሸክሞ ነው የኖረው፤ ወንድነቱን አንድ ቀን ተጠራጥሮ ያውቃል? የሆንከውን የምታውቀው አንተ ነህ። ለሰው ለመንገር አትቸኩል፤ በራስህ ጊዜ ትነግራለህ። እስከዚያው እኔ አለሁልህ፣ አባባ።»

አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም። ኡላዩ የነቃችው ስልኩ ሲዘጋ ነው።

በየቤቱ፣ በየሱቁ ሬዲዮ ተከፍቷል፤ «አባባ» የምትለው ደግሞ ናታቅን ብቻ ነው። አትቸኩል ባለችበት አፏ የልጁን ምስጢር ለመንደር ዘርግፋ ሰጠች። ይቅርታ ልትል ፈለገች፤ ይቅርታ ካለች ግን የሰሙት ልክ ነው ማለቷ ነው። ከእንግዲህ የትኛው ልጅ ይደውልላታል? ናታቅስ ዛሬ ወዴት ይገባል? ዘፈን ልትከፍት ስትል ስልኩ ጠራ።

ይሄኛው ድምፅ ጓንት የለበትም። ስልክ የምትጠላው እናቷ አርናውያቅ ናት።

«ለመንደሩ የሚያሰማኝ ነገር ተከፍቷል?»

«ተከፍቷል እማዬ።»

«ደግ። ባሌን ከተወለደ ጀምሮ አውቀዋለሁ። የድሮውን አይደለም የምለው፤ እሱ ሞቷል። ይሄኛውን ነው። ባሌ ስለው ፊቱ የሚበራውን፣ ሌላው ሰው ልጅት ሲለው አንገቱን የሚደፋውን። ዓይን አለኝ እኮ። ዝም ያልኩት ራሱ እስኪነግረኝ ብዬ ነው። አንቺ ግን አፍሽ አያርፍም።»

«አውቃለሁ እማዬ።»

«በይ ንገሪልኝ። ምሳ ደርሷል፤ ያለሱ ብቻዬን በልቼ አላውቅም። የሚስቅ ካለ ደግሞ ቤቴን ያውቀዋል፤ መጥቶ እኔ ፊት ይሳቅ።»

መስኮቱ ላይ የነበረው ሰማያዊ ብርሃን ጠፋ። የአየሩ ጠባይ የሚነገርበት ሰዓት ደርሷል፤ ኡላዩ ግን ወረቀቱን አላነሳችም። ስልኩን እያየች ተቀመጠች። ብዙ ቆይቶ ጠራ።

«ሚስቴ የቀቀለችው የምን ሥጋ ነው?» አለ ናታቅ፣ ያለ ጓንት።

ኡላዩ እንባዋ መጣ፤ አልደበቀችውም። «የአጋዘን ነው፣ አባባ» አለች። «ይቅር በለኝ።»

መንደሩ ሁሉ ይሰማል።

«መጀመሪያ ልብላ» አለ ናታቅ።