የአጣቢዋ አውራ ጣት

አጣቢዋ በቀላሉ የሚያቅለሸልሻት ሴት አይደለችም። ዕድሜዋን ሙሉ ልብስ ንጽህና ቤት ውስጥ የሰው ላብ፣ ትውከትና የአፍንጫ ፈሳሽ ስታስለቅቅ የኖረች ሴት ምን ሊቀፋት? መነጽር ሻጩ ግን ቀፈፋት።

እሷ፣ መነጽር ሻጩና ፎቶ አንሺው ጅራታም ኮከብ ፈላጊዎች ናቸው። ታዲያ ሰማይ ላይ አንጋጠው እንዳይመስላችሁ፤ ኮምፒውተር ላይ አፍጥጠው ነው። ጠፈር ላይ ያለ ካሜራ ፀሐይን መሃሏን ሸፍኖ ዙሪያዋን ያነሳል፣ ፎቶውም ለማንም በኢንተርኔት ይለቀቃል። ከፎቶ ፎቶ ወደ ፀሐይ የምትጠጋ ብዥ ያለች ነጥብ ያየ ሰው ለመዝጋቢዎቹ ይልካል። ቀድሞ የላከ ስሙ በአግኚነት ይጻፋል፤ ነጥቧ ምስኪን ግን ፀሐይ ጥግ ስትደርስ ቀልጣ ትቀራለች። የሦስቱ ማኅበር ደግሞ አንድ ሕግ አለው፤ ሁለት ባልደረባ ሳያሳዩ መላክ ነውር ነው። አንድ ጊዜ የካሜራ እንከን ልከው መሳቂያ ሆነዋላ!

አጣቢዋ ስሟ እንዲጻፍ ነበር የምትመኘው። እስካሁን የተጻፈው ሸሚዝ የጠፋበት ደንበኛ ባስገባው አቤቱታ ላይ ብቻ ነው።

አንድ ቀን በምሳ እረፍቷ፣ ካውያው አጠገብ ተቀምጣ ፎቶዎቹን ስታይ፣ ኮምፒውተሩ ላይ እድፍ አየች። ልማድ ነውና አውራ ጣቷን በምራቅ አርሳ ፈተገችው። አልለቅም አላት። ቀጣዩን ፎቶ ስትከፍት እድፉ ወደ ፀሐይ ተጠግቷል። ልቧ ዘለለ፤ መነጽር ሻጩ ጋ ደወለች።

«ጋሼ፣ የሆነ ነገር ሳላገኝ አልቀረሁም! እድፍ መስሎኝ በአውራ ጣቴ፣ በምራቄ ጠረግሁት እኮ። እስቲ እዩልኝ።»

«ተረጋጊ እህቴ፣ አትቸኩዪ። እኔ ረጋ ብዬ ልየው።»

ረጋ ብሎ አየ፣ ፈጥኖ ላከ። በራሱ ስም። ስትጠይቀው «ያው የማኅበራችን አይደል? የኔ ያንቺ ምን ያደርጋል?» አላት። ፎቶ አንሺውም ነገሩን እያወቀ ጭጭ አለ። ያመኑት ፈረስ ይጥላል በደንደስ ይላሉ፤ ይሄኛው ጥሎም ረገጣት።

እሑድ ከሰዓት መነጽር ሻጩ ሱቁ ውስጥ ኬክ ቆርሶ ጎረቤቱን ሁሉ ጠራ። ፎቶዎቹን በፕሮጀክተር ግድግዳው ላይ እያሳየ፣ ክሬም የነካ ጣቱን እየላሰ ያወራል።

«እድፍ አይመስለኝ መሰላችሁ? በዚህች በአውራ ጣቴ፣ በምራቄ ጠረግሁት!»

ሰዉ በሳቅ ፈረሰ። አጣቢዋ ኮከቡን ሲወስድባት አንጀቷ አርሮ ነበር፤ ጣቷን ሲወስድባት ግን ቀፈፋት። የኬኩን ሹካ ሳህኗ ላይ መለሰች። ፊቱን ላለማየት ብላ ግድግዳው ላይ አፈጠጠች።

ከነጥቧ ኋላ ሌላ፣ ከሷም የደበዘዘች ነጥብ አለች። ፎቶው ሲቀየር እሷም ተጠጋች። ጉድና ጅራት ከወደኋላ ነው።

ትውጠው ወይስ ትናገር? ሕግ ሕግ ነው።

«ጋሼ፣ ይቺ ከኋላ ያለችውስ ምንድን ናት?»

መነጽር ሻጩ ሰዉን ሊያስቅ አውራ ጣቱን ላሰና ግድግዳውን ፈተገ። «የግድግዳ እድፍ ናት እህቴ! ዛሬ እንኳን ሥራሽን እረሺው!»

ወደ ፎቶ አንሺው ዞረች። «አንተስ?»

«እድፍ ናት» አለ፣ በኬክ በተሞላ አፉ።

ሁለት ባልደረባ አሳየች። ሳህኗን አስቀምጣ ስልኳን አወጣች፣ እነዚያኑ ፎቶዎች ከፈተች፣ ነጥቧ በየፎቶው ያለችበትን ቦታ ለክታ እዚያው መሃላቸው ተቀምጣ ላከች። ሰዉ የስልክ ጨዋታ የምትጫወት መስሎት ነበር።

በማግስቱ የመዝጋቢዎቹ መልስ በአጣቢዋ ስም ሲወጣ መነጽር ሻጩ እያለከለከ ልብስ ንጽህና ቤቱ ድረስ መጣ።

«እንኳን ደስ አለሽ እህቴ! አየሽ፣ ለማኅበራችን ሁለተኛ!» ብሎ እጁን ዘረጋ።

አጣቢዋ ካውያውን አላስቀመጠችም። አውራ ጣቱን አየችው።

«እጅዎን ይታጠቡ ጋሼ» አለች። «ሳሙናው እዚያ ነው።»